ገመዱ አይሸጥም

ያንን ቴሌቪዥን በስንት ገዛሽው ብሎ ያልጠየቀኝ የአምቦ ሰው የለም። መልሴን ሰምቶ ያልሳቀም የለም። ይሳቅ። እኔ ዋጋ የማላውቅ ሴት አይደለሁም። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁትም በስተርጅና ቀበሌ አስገድዶኝ ነው። ዋጋ ግን አውቃለሁ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጊንጪ ገበያ ከብት እየገዛን አምቦና ጉደር ስንሸጥ፣ ዋጋ የምጠራውም የማስወርደውም እኔ ነበርኩ። እሱ ይነዳ ነበር። ለመንዳት ጎበዝ ነበር።

የከብት ንግድ ሥርዓት አለው። ሻጭ ከብቱን ይሸጣል እንጂ ገመዱን አይሸጥም። ገዢ የራሱን ገመድ ይዞ ይመጣል። የሻጭ ገመድ ከከብቱ ጋር ከወጣ የበረቱ በረከት ተከትሎት ይወጣል። እኔ የሸጥኳቸው ከብቶች ገመድ እስከ ዛሬ ቤቴ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ አለ። የማያምን መጥቶ ይይ።

ነገሩ የሆነው በሰባ ስምንት ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ባሌም ሞቷል፣ ከብቱንም ትቻለሁ፤ ጠላና አረቄ እሸጣለሁ። ጠላዬን የሚያማ ምላስ አልነበረም። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ወርቂቱ ግን ቴሌቪዥን አስገባች። የወርቂቱ ጠላ የእግር እጣቢ ነው፤ ይህን በፊቷም ብያታለሁ። ሰዉ ግን ቴሌቪዥን ላይ ዓይኑን ተክሎ የሚጠጣውን ስለማያይ እጣቢውን ጭልጥ እያደረገ እሷ ዘንድ ያመሻል። እኔ ዘንድ የቀረው ተከራዬ መምህር በድሉ ብቻ ሆነ። እሱ ደግሞ አይጠጣም።

“እማማ ሸዋገነት፣ እርስዎም ቴሌቪዥን ካልገዙ ይህ ቤት መዘጋቱ ነው” አለኝ አንድ ቀን።

“ከየት አባቴ? ጓሮ ገብቼ እንደ ጎመን የምቀጥፈው መሰለህ?”

የአዲሱ ዋጋ አይቀመስም ነበር። አሮጌውንም የሚሸጥ አልተገኘም። በኋላ ግን ከጊንጪ እህል የሚያመጡ ነጋዴዎች አንድ ወሬ ነገሩኝ፤ ኦቦ ዲንሳ ቴሌቪዥን ይሸጣል አሉኝ።

ዲንሳን ከከብት ንግዱ ዘመን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቤቱ ደንዲ ነው፤ ከጊንጪ በእግር ይኬዳል። እዚያ እንኳን ቴሌቪዥን አምፖልም የለም።

“ዲንሳ በምን አብርቶት ነው?” አልኳቸው።

አላበራውም አሉኝ። ቴሌቪዥኑ የልጁ የኤጄታ ነው። ልጁ አዲስ አበባ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ ገዛው። ዓመት ሳያየው ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። ከመሄዱ በፊት በአውቶቡስ ጊንጪ፣ ከጊንጪ በበቅሎ ጭኖ አባቱ ቤት አወረደውና “እስክመጣ አስቀምጥልኝ” ብሎ ወደ ሰሜን ሄደ። ደብዳቤው ከቆመ ከዓመት በላይ ሆኖታል። አሁን ደግሞ ከዲንሳ ሁለት በሬዎች አንዱ ሞተ። ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ሰዉ ማረስ ጀምሯል፤ በአንድ በሬ አይታረስም። ስለዚህ ዲንሳ የልጁን አደራ ሸጦ በሬ ሊገዛ ነው።

መምህር በድሉን ይዤ ሄድኩ፤ ፈረንጅኛ የተጻፈበት ነገር ካለ እንዲያነብልኝ። ገመዴንም ይዤ ሄድኩ።

ቴሌቪዥኑ መደብ አጠገብ ጋቢ ለብሶ ቆሟል። ዲንሳ ጋቢውን ገለጠው። አራት እግር አለው። እግሮቹ ቀጫጭን፣ ሆዱ ሰፊ፣ መስታወቱ ወደ ውጭ ያበጠ። አንደኛው እግር ተሰብሮ በጠፍር ታስሯል። ዞርኩት። ጎኑን በመዳፌ መታሁት። የተሰበረውን እግር አንስቼ አየሁ። ከፊቱ ከተደረደሩት ቁልፎች አንዱ ወልቆ ቀዳዳው ቀርቷል።

“ጥርሱ ወልቋል” አልኩ።

“አንዱ ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ይበላል” አለ ዲንሳ።

ከበስተኋላው አሸተትኩት። ሌላው ቢቀር የተቃጠለ ነገር አይሸትም። ዶሮ ግን ይሸታል። እጄን ሰድጄ እንቁላል አወጣሁ። የዲንሳ ሚስት ቦጋለች ምንም ሳትል ተቀበለችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

መምህር በድሉ ጎንበስ ብሎ ከኋላው የተለጠፈውን ብረት አነበበ። “የጀርመን ነው።”

“ዕድሜውስ?”

“ከእኔ ሳይበልጥ አይቀርም።”

“አንተ እንኳን ጥርስህ ሙሉ ነው” አልኩና ወደ ዲንሳ ዞርኩ። “ይሠራል?”

“ኤጄታ ይሠራል ብሏል።”

“መቼ?”

“ሲያመጣው። የዛሬ ሁለት ዓመት።”

“የዛሬ ሁለት ዓመት እኔም ጉልበቴን አያመኝም ነበር። ስንት ነው?”

“አራት መቶ ብር።”

“ይህ የሳጥን ዋጋ ነው የበሬ?”

“የበሬ” አለ ዲንሳ። ሰውዬው ዋሽቶ አያውቅም፤ ለዚህ ነው በከብት ንግድ ያልከበረው።

እኔም የበሬ ዋጋ አውቃለሁ። የዚያን ሰሞን ጊንጪ ላይ ደህና የእርሻ በሬ ሦስት መቶ ሃያ ብር ነበር። አራት መቶ የጠራው እንዳስወርደው ነው። የቴሌቪዥን ዋጋ ግን አላውቅም፤ እሱም አያውቅም። መምህር በድሉን ዞሬ ባየው ጣራ ጣራ ያያል። በዚያ ላይ መብራት በሌለበት አገር ይናገር አይናገር፣ ያሳይ አያሳይ ማንም አያውቅም። ያልታለበች ላም ወተቷን እየገመቱ እንደመግዛት ነው።

“መቶ ሃምሳ” አልኩ።

“አዴ ሸዋገነት፣ እግዜርን አትፈሪም?”

“እፈራለሁ። ለዚህ ነው መቶ ያላልኩህ።”

“ሦስት መቶ ሰባ።”

“አምቦ አድርሼው ሞቶ ቢገኝስ? ቆዳው አይሸጥ፣ ሥጋው አይበላ።”

“ካልበራ መልሺው። ገንዘብሽን አልነካውም፤ እስከ ቅዳሜ እዚሁ ይቀመጣል።”

ይህ ደህና ነገር ነበር። ወደ ሁለት መቶ ወጣሁ፤ ወደ ሦስት መቶ ሃያ ወረደና ቆመ። እኔም ተነሥቼ ነጠላዬን አጣፋሁ፤ ደጅ ደረስኩ። እሱም እስከ ደጅ ሸኘኝ። መምህር በድሉ የምር የምንሄድ መስሎት ጫማውን አሰረ። ብቻ ገብተን፣ ወጥተን፣ አንድ ጣሳ ፋርሶ፣ የነሱን ጠላ፣ ጠጥተን፣ በሁለት መቶ ስልሳ ተጨበጥን። ለበሬው ስልሳ ብር እንደሚጎድለው አውቃለሁ። የእኔ ጣጣ አልነበረም። ገበያ ነው።

ገንዘቡን ቦጋለች ተቀብላ ቆጠረችና “ልጁ ሲመጣ ምን እንለዋለን?” አለች።

“ሸጥነው እንለዋለን” አለ ዲንሳ።

እሷ ብሩን እንደገና ቆጠረች። እኛ ጣሳችንን ስንጨርስ ዲንሳ ማጭድ ይዞ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ጎንበስ ብሎ ቆየ። የታሰረውን ጠፍር የሚያጠብቅ መሰለኝ። ከዚያ በጆንያ ጠቀለለው፤ እኔ በገመዴ አሰርኩት፤ በበቅሎ ጊንጪ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ አምቦ ገባ።

መንደሩ ተሰበሰበ። መምህር በድሉ አንቴናውን ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ አስሮ ጓሮ አቆመ። ወርቂቱ ደጇ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማ ታያለች። ጆንያው ተፈታ። መምህር በድሉ ከኋላው ገብቶ መፈለግ ጀመረ። ፈለገ፣ ፈለገ።

“እማማ፣ ገመዱ የለም።”

“ምን ነካህ? ገመዴማ ይኸው እጄ ላይ።”

“የመብራቱን ሽቦ ነው የምልዎት። ከሥሩ ተቆርጧል።”

“አይጥ ይሆናል።”

“አይጥ እንዲህ አስተካክሎ አይቆርጥም።”

ወርቂቱ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ወዲያ አየች፣ ወዲህ አየች። “ሸዋዬ፣ ቁም ሳጥኑ ያምራል። ሰሃን ሊደረደርበት ነው?” አለችና ደንበኞቿን አስከትላ ተመለሰች።

መምህር በድሉ ሽቦ ሱቅ ሞልቷል፣ ርካሽ ነው፣ እኔ እቀጥለዋለሁ አለኝ። ስለ ሽቦ ማን አወራ? እኔ ሸዋገነት ጅራቷ የተቆረጠ ላም እንደገዛ ሰው ይሳቅብኝ? ከዋጋው ሃምሳ ብር ሳላስቀንስ አልመለስም ብዬ በማግስቱ ብቻዬን ደንዲ ወረድኩ። ለዲንሳ የሚሆነውን ስድብ መንገድ ላይ አንድ በአንድ አሰናዳሁ። ጥሩ ጥሩ ነበሩ።

ዲንሳ ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ገና ሲያየኝ ተነሥቶ “አካም ቡልቴ፣ አዴ ሸዋገነት!” አለ። ሰላምታ ሳይመልሱ መሳደብ ደግሞ የባለጌ ነው። እንዴት አደርክ አልኩ። ቤቱን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ጠየቀኝ። የጉልበቴን ሕመም ጠየቀኝ። ቦጋለች ወጥታ ያንኑ እንደገና ከመጀመሪያው ጠየቀችኝ። ስድቤ አፌ ውስጥ ቀዘቀዘ።

“ሽቦዬን አምጣ” አልኩ በመጨረሻ።

“የምን ሽቦ?”

“የቴሌቪዥኑን! በማጭድ የቆረጥከውን!”

“እ፣ ገመዱን ነው?” አለና ቤት አስገባኝ። ምሰሶው ላይ ዲንሳ በዕድሜው የሸጣቸው ከብቶች ገመድ በየተራ ተንጠልጥሏል። ከላይ የሞተው በሬ ጠፍር አለ። ከጎኑ ጥቁሩ ሽቦ ከነስፒናው ተጠቅልሎ ተሰቅሏል።

“ይኸው። ምን ሆነ?” አለ።

“ምን ሆነ ትለኛለህ? ያለዚህ አይበራም እኮ!”

“አንቺ ስንት ከብት ሸጠሻል። ገመድ ሰጥተሽ ታውቂያለሽ?”

“ቴሌቪዥን ከብት አይደለም!”

“ታዲያ ለምን ጥርሱን አየሽ?” አለ ዲንሳ። አልተቆጣም፤ በቀስታ ነው የጠየቀኝ። “ለምን ጎኑን መታሽ? ለምን እግሩን አነሳሽ? የራስሽን ገመድ ይዘሽ ስትመጪ ሥርዓቱን የምታውቅ ሴት መጣች ብዬ ደስ አለኝ።”

ቦጋለች ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች። ሽቦውን በጣቷ ነካ አደረገችው። “ቴሌቪዥኑ ይሂድ። ገመዱ ከዚህ ቤት ከወጣ ግን ልጄ በምን ይመለሳል?” አለች።

“ሽቦ ነው እኮ፣ ቦጋለች” አልኩ።

“አውቃለሁ ሽቦ እንደሆነ። አንቺ ቤት ያለውም ጠፍር ነው።”

ይህችን ሴት ዝምተኛ አድርጌ ገምቻት ነበር። ከብትም ሆነ ሰው እንደዚያ ተሳስቼ ገምቼ አላውቅም።

ዓይኔን ከምሰሶው ላነሳ ብዬ በደጁ አሻግሬ አየሁ። የጎረቤቱ ማሳ ታርሷል። የዲንሳ እንዳለ ነው። አንዱ በሬ ብቻውን ቆሞ ያመሰኳል።

“በሬውስ?” አልኩ።

“ትናንት ዕቃሽን ጊንጪ ሳደርስ ጠየቅሁ። ከሦስት መቶ ሃያ የሚወርድ ጠፋ። ስልሳ ጎደለኝ። ቅዳሜ ደግሞ እሞክራለሁ።” ይህንንም ሳያማርር ነው ያለኝ። ቢያማርር ኖሮ ትቼው እሄድ ነበር።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ለዚያ ቴሌቪዥን ምን መክፈል እንዳለብኝ የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው እንጂ በመጀመሪያው ቀን አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ዕቃ ከሸጠልኝ ሽቦውን መስጠት አለበት፤ ሁለት መቶ ስልሳም ይበዛበታል። እንደ ከብት ከሸጠልኝ ግን ገመዱ የሱ ነው፤ ዋጋውም የከብት መሆን አለበት። እኔ ደግሞ ጥርሱን አይቻለሁ። በበሬ ሥርዓት ገዝቼ በሳጥን ዋጋ ከፍዬ ብሄድ ሌባዋ እኔ ነኝ።

መቀነቴን ፈታሁና ስልሳ ብር አወጣሁ።

“ይህ ምንድን ነው?” አለ ዲንሳ።

“የጎደለው።”

“ኧረ አይሆንም። ተጨባብጠናል። ምጽዋት አልጠየቅሁሽም።”

“ማን ምጽዋት አለህ? ገመድ አስቀርተህ በሬ ሸጠሃል፤ የበሬውን ሒሳብ ተቀበል።”

“እንግዲያው ሃያ ጨምሪ።”

“ስልሳ።”

“ጥርሱ ወልቋል፣ አንቺው ነሽ ያልሽው። ሠላሳ።”

“በሌሎቹ ይበላል፣ አንተው ነህ ያልከው። ስልሳ!”

“እግሩም ስብር ነው፤ አርባ!”

በዕድሜዬ ሻጭ ሲያስወርድ ገዢ ሲያስጨምር ያየሁት ያን ቀን ነው። ቦጋለች ሰለቻት መሰለኝ፣ ብሩን ከእጄ መንጭቃ ቀሚሷ ውስጥ ከተተችና ፋርሶ ልትቀዳ ገባች። ነገሩ በዚያ አለቀ።

ቤቴ ስደርስ መምህር በድሉ “አስቀነሱት?” አለኝ።

“አስጨመርኩ” አልኩት። ሽቦ ሊገዛ ወጣ። የተማረ ሰው አንዳንዴ መቼ ዝም እንደሚባል ያውቃል።

አዲስ ሽቦ ተቀጠለለት። በራ። ምስሉ በረዶ የሚዘንብበት ይመስላል፤ ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ጎኑን ካልመቱት አይናገርም። ቢሆንም ደንበኞቼ ተመለሱ፤ ጠላም ምን እንደሚመስል አስታወሱ። ዲንሳ በሬውን ገዛ። እህል ይዞ አምቦ በመጣ ቁጥር እኔ ዘንድ ጎራ ይላል። ወታደሮች ሲታዩ ብርጭቆውን አስቀምጦ መስታወቱ ድረስ ይጠጋል። ሁለት ሁለት ሆነው ስለሚታዩ አንዱን ሳያይ እንዳያልፍ ተራ በተራ ያያቸዋል። ዞር በል፣ ጋረድከን የሚል ሰው ካለ እኔ ነኝ የማስወጣው። ሒሳብ ግን ሁልጊዜ አስከፍለዋለሁ። ባላስከፍለው አይመጣም ነበር።

መንግሥት የተለወጠ ዓመት፣ በሰኔ፣ አንድ ከሲታ ሰው ደጄ ላይ ቆመ። ጫማው የሁለት ሰው ነው፤ ግራና ቀኙ አይመሳሰልም። ወታደር በየመንገዱ እንደዚያ ሆኖ ይመለስ ስለነበር ውሃ የሚለምን መስሎኝ ጣሳ ላነሳ ስል እጁን አየሁ። ጥቁር ሽቦ ከነስፒናው ተጠቅልሎ ይዟል።

“አዴ ሸዋገነት እርስዎ ነዎት? እኔ የኦቦ ዲንሳ ልጅ ነኝ” አለ።

“ዘገየህ” አልኩት።

“አዎ።”

ጠላ ቀዳሁለት። ጠጣ። ጊንጪ ሻይ ቤት ልከፍት ነው፣ ቴሌቪዥኔን ልገዛዎት መጣሁ አለኝ።

“አባትህ ነው ገመድ ይዘህ ሂድ ያለህ?”

“እናቴ ናት። ከምሰሶው ላይ ራሷ አወረደችው።”

ተነሣና ቴሌቪዥኑን አየው። ጎኑን መታው። እግሩን አነሣ። ቁልፎቹን በጣቱ ዳበሰ፤ በኔ ዘመን ሌላም ወልቋል።

“ስንት ነው?” አለ።

“ገንዘቡን ከየት አመጣኸው?”

“አባቴ ያንን በሬ ሸጠልኝ። አርጅቷል፤ ሥጋ ቤት ነው የወሰደው። የላማችን ወይፈኖች ለእርሻ ደርሰዋል።”

“ስንት አወጣ?”

“ሦስት መቶ ሃያ።”

“ገመዱንስ?”

“አስቀርቷል።”

“እንግዲያው ዋጋው ያው ነው። ሦስት መቶ ሃያ” አልኩ።

“አዴ፣ እኔ ስገዛው ደህና ነገር ነበር፤ አሁን ሁለት ቁልፍ የለውም። መቶ ሃምሳ።”

የቦጋለች ልጅ መሆኑን ያን ጊዜ አመንኩ። ደጅ ድረስ ወጥቶ፣ ተመልሶ፣ በሁለት መቶ ስልሳ ተጨበጥን። ስልሳ ብርሽ የት ገባ የሚለኝ ካለ እሱን የማስረዳበት ጊዜ የለኝም። ደንበኞቼም በዚያ ሰሞን ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ነው የሚጠጡት፤ ቴሌቪዥኑን ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም።

ሊያነሣው ሲል “ቆይ” አልኩና ስፒናውን ከግድግዳው ነቀልኩ፤ አላበድኩም። ከዚያ ቢላዬን አምጥቼ ሽቦውን ከሥሩ ቆረጥኩት።

መምህር በድሉ ከክፍሉ ወጥቶ “እማማ! ምን እያደረጉ ነው?” ብሎ ጮኸ። ኤጄታ ግን ሥርዓቱን ያውቃል። የራሱን ገመድ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ቴሌቪዥኑን አቅፎ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

የኔ ሽቦ ምሰሶዬ ላይ፣ ከከብቶቼ ገመድ ጎን ተሰቅሎ አለ። ወርቂቱ መጥታ አይታው ሳቀች። ጠላዋ ዛሬም የእግር እጣቢ ነው።